በጨርቅ የተላከ ኩሬ

ጥቅምት 3

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

ባለህበት ሁሉ ክፉ አይንካህ፤ እግዜር ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱም ከእኔ ጋር ያረጀ ስለሆነ አልፈርድበትም።

የምጽፍልህ ስለ ችግኞቼ ነው። ዘንድሮ የቲማቲም ችግኝ አሳደግኩ ከምል ቀበርኩ ብል ይሻላል። ማታ ቀጥ ብለው ትቻቸው ጠዋት ስገባ አንገታቸው እንደ ክር ቀጥኖ ተጋድመው አገኛቸዋለሁ። ስነካቸው እንደ ሳሙና ያሟልጫሉ። አፈሩን ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሸፍኖታል። መድኃኒት ሻጩ የሰጠኝን ዱቄት በተንኩበት፤ ሻጋታው እሱን በልቶ ወፈረ።

ከዚያ የሆነውን ስማ። ቧንቧው ሲቋረጥ ጥግ ያለውን አንዱን መደብ ከጓሮው ኩሬ ቀድቼ አጠጣሁት፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና በሲሚንቶ የሠራው ነው፣ ታውቀዋለህ። ውሃው ላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ወፍራም አረንጓዴ ነገር ከተኛበት ቆይቷል፤ ይገማል። ያ መደብ ላይ አንድ ችግኝ አልወደቀም። ግራና ቀኙ ሁሉ አልቆ እሱ ብቻውን ቆመ። በሌላ መደብ ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ሆነ።

አንተ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የውሃ አረንጓዴ በብርጭቆ አሳድጋለሁ ብለህ ስትጽፍልኝ ስቄብህ ነበር። አሁን ንገረኝ፤ ይህ ነገር ምንድን ነው?

ያ ጡንቻ የምንለው ጎረቤቴ ሰላም ብሎሃል ልልህ ነበር፤ ግን አላለም። የባሌ ወንድም ባይሆን ኖሮ አንድ አጥር አንጋራም ነበር። ኩሬው ግማሹ በእሱ ጓሮ ነውና ላሞቼን ሸተታቸው፣ አፍርሼ አደርቀዋለሁ ይላል። ትናንት ግንቡን በዶማ ሲመታ አገኘሁትና በአካፋ እጀታ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። እሱም ገፍቶ አጥሩ ላይ ጣለኝ። ብዙ አይደለም፤ ሽቦው ክንዴን ቧጨረኝ።

መልስህን ቶሎ ላክልኝ።

አክስትህ

ጥቅምት 27

እናትም አባትም ለሆንሽኝ አክስቴ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኔ በአንቺ ጸሎት ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ያ ነገር አረንጓዴ-ሰማያዊ አልጌ ይባላል። እንደ ቅጠል ከፀሐይ ይመገባል እንጂ ዘሩ ከባክቴሪያ ነው። መሮጥም መደበቅም ስለማይችል የሚመጣበትን የሚዋጋው ከገላው በሚያወጣው ኬሚካል ነው። ሻጋታሽ ፈንገስ ነው። አንዳንዱ አልጌ ፈንገስ ሲጠጋው የሴሉን ሽፋን የሚበሳ ነገር ያመነጫል፤ ሽፋኑ ሲበሳ የፈንገሱ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፣ ይሞታል። ችግኞችሽን ያተረፈው ይህ ይመስለኛል፤ ሳላይ ግን መማል አልችልም።

ከቻልሽ ከአሮጌ አንሶላ መዳፍ የሚያክል ጨርቅ ቅደጂ። አረንጓዴውን ቀቢውና ጥላ ላይ አድርቀሽ በፖስታ ላኪልኝ። ደርቆም አይሞትም፤ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። አደራ እንዳትጠጪው። አንዳንዱ ዘር መርዝ አለው፤ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

የጡንቻን ነገር ሳነብ ባልሽ ትዝ አለኝ። ያ ቤት ውስጥ ቀበቶ ከወገብ ሲወልቅ የሚያሰማውን ድምፅ አሁንም እዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ወንድሙም ያው እጅ ነው ያለው። ተዪው፤ አትማቺው፣ አትጠጊውም።

ልጅሽ

ኅዳር 15

ለዓይኔ ማረፊያ፣

የላክኩልህን ሰላምታ ቆጥረህ ተቀበል፤ ሦስት ጨርቅም አብሮ አለ። የአንተ የድሮ አንሶላ ነው፤ አበባው ገና አልለቀቀም።

ስለ ቀበቶው አታንሳብኝ። የሞተ ሰው ነው።

ጡንቻ ጨርቅ ኩሬ ውስጥ ስነክር አይቶኝ፣ ሴትዮዋ ጠንቋይ ሆነች ብሎ ወተት ለሚገዙት ሁሉ አወራ። ሰምቼ ዝም አልኩ፤ አንተ አትጠጊው ብለሃላ። እሱ ግን ዝም ስል ፈራች ብሎ መሰለኝ ግንቡ ላይ ወጥቶ ሰደበኝ። ከስድቡ ሁሉ ያልቻልኩት መካን የሚለውን ነው። በእጄ የነበረውን ባልዲ ሙሉ አረንጓዴ በራሱ ላይ ደፋሁበት።

ወርዶ በጸጉሬ ያዘኝና ፊቴን ኩሬው ውስጥ ነከረው። አውጥቶ እንደገና ነከረው። ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቱ አፌ አጠገብ ስትመጣ አጥንት እስኪሰማኝ ነከስኳት። ጮኸ። ላሞቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩት። ደሙ አፌ ገብቶ ነበር፤ የኩሬውን ውሃ ግን አልጠጣሁም፣ አትጨነቅ። አትጠጪ ስላልከኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ችግኞቹ እየኮሩ ነው። ገዢዎች መጥተው ምን አድርገሽ ነው ይሉኛል፤ አልነግራቸውም።

አክስትህ

ታኅሣሥ 20

ለክብርት አክስቴ፣

የእጅሽን ሥራ የባረከ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። ስለ ፀባችሁ በጣም አዘንኩ።

አሁን የምነግርሽን ስሚ። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ባስገባሁት በሳምንቱ አረንጓዴው ተነሳ። በማይክሮስኮፕ ሳየው በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላል። አንዷን ክር ለብቻዋ ነጥዬ በብርጭቆ አራባኋት። ከዚያ ጨምቄ ያወጣሁትን ጠብታ ፈንገስ በተዘራበት ሳህን መሃል አኖርኩት። ፈንገሱ የችግኝሽ ዓይነት አይደለም። ሰውነቱ የደከመ ሕመምተኛ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚገድል ነው፤ ያሉት መድኃኒቶችም እየተሸነፉለት ነው። ሳህኑን ስከፍት ፈንገሱ ዳር ዳሩን ወሮታል፤ በጠብታው ዙሪያ ግን የተላጨ የሚመስል ባዶ ክብ አለ። ድርሽ አላለም። ጠርዙ ላይ ያሉት ክሮቹ አብጠው ፈንድተዋል።

አለቃዬ ሰላምታዬን እንኳ በአገጯ የምትመልስ ሴት ናት። ሳህኑን ስታይ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከየት አመጣኸው አለችኝ። ከአክስቴ ጓሮ አልኳት።

እቴቴ፣ ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል፤ አልነገርኩሽም ነበር። ይህ ነገር ከተሳካ ግን አይሰናበቱኝም። ተጨማሪ ጨርቅ ያስፈልገኛል፤ ከላዩም ከግንቡ ላይ ከተጣበቀውም። ኩሬው እንዳለ ይቆይልኝ። ቢታጠብ ወይ ቢደርቅ እንደገና አይገኝም። አደራሽን ማንም እንዳይነካው፤ ጡንቻም ቢሆን።

ልጅሽ

ጥር 12

ለልጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ጽሑፌ ቢንጋደድ ብርዱ ነው። ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል። የጡንቻ ትልቋ ላም ሞተች። ከኩሬው ጠጥታ ነው ይላል፤ እሱ ዝናብ ቢቀርም ኩሬው ነው የሚለው። በዶማ መጣ። ግንቡን አልነካውም። አደራ ብለኸኛል።

ጨርቆቹ እነሆ። ከላዩም ከግንቡም አለ። ካነሰህ ንገረኝ።

አክስትህ

የካቲት 5

ለምወድሽ አክስቴ፣

ጤናና ሰላም ካንቺ አይለይ።

ጨርቆቹ ደረሱኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንደኛው ላይ ሰፋ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። የባልዲ ዝገት ይሆናል ብዬ ያንን ቆርጬ ጣልኩት፤ የቀረው ግን ከሁሉም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ።

ጽሑፍሽ ግን ወደ ታች ወረደብኝ። መነጽርሽ ተሰበረ እንዴ? ከሆነ ንገሪኝ፤ ልኬቱን ካስታወስሽው እዚህ አሠርቼ እልክልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከኩሬው ታች ካለው ጭቃም ሁለት ጨርቅ ጨምሪልኝ። ትንሽ ጊዜ ነው፤ እስከ ሰኔ ብቻ አስቸግርሻለሁ። እስከዚያ ያዢልኝ።

ልጅሽ

መጋቢት 2

እቴቴ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ እየጻፍኩ ነው። ሰላምታውን በልብሽ ሙዪው።

ጠብታው በሰው ላይ ጉዳት እንዳለው ለማወቅ በሳህን ላይ የሚያድጉ የጉበት ሴሎች ላይ ሞከርኩት። በሁለተኛው ቀን አንድም አልተረፈም። ተሰነጣጥቀው እንደ ፍርፋሪ ተንሳፍፈዋል። በመሣሪያ አስመረመርኩት። ፈንገሱን የሚገድለው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያች ክር ደግሞ ሌላ ሁለተኛ ነገር ይወጣል። እሱ ጉበት የሚያፈርስ መርዝ ነው። ሙቀት ሲበዛና ውሃው ሲቀንስ ይበረታል። ላም ከዚያ ብትጠጣ ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች፣ በአንድ ቀን ትሞታለች።

ጡንቻ ልክ ነበር። ላሚቱን የገደላት ኩሬው ነው። መጀመሪያ ስጽፍልሽ አንዳንዱ መርዝ አለው ብዬ ነበር፤ ላሚቱ መሞቷን ስትነግሪኝ ግን ጨርቅ ጠየቅኩሽ።

አሁን ይህን አድርጊ። እንዳታፈርሱት፤ ውሃው ወደ ታች ከወረደ ሌላ ሰው ይጠጣዋል። ፀሐይ እንዳያገኝ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት፤ ካላየ አይኖርም። ከብት አታስጠጉ። ከእሱ የጠጣ ከብት ወተትም አይጠጣ። ችግኞቹንም ከእንግዲህ በእሱ አታጠጪ፤ ይብቃ። ይህን ደብዳቤ ለጡንቻ አንብቢለት። እኔ ነኝ አትንኩ ያልኩት በዪው።

ልጅሽ

ሚያዝያ 20

ለልጄ፣

እንዳለህ ያቆይህ። ስለ ዘገየሁ አትቀየመኝ፤ ወረቀትም እጅም አልነበረኝም።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ልንገርህ። በጥር ጡንቻ በዶማ ሲመጣ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ውረጂ አለኝ። አልወርድም አልኩት። ላሟ ከበስተኋላው ተዘርራ፣ አረፋ ከአፏ ወጥቶ፣ ዝንብ ሰፍሮባት ነበር። እኔ ግን ያየሁት አንተን ነው፤ በሰኔ ሻንጣህን ይዘህ ከዚያ ላቦራቶሪ ስትወጣ። ዶማውን ሲያነሳ ቀኝ እጄን ግንቡ ላይ አጋደምኩት። ይተዋል ብዬ ነበር። አልተወም፤ ወይም ማቆም አልቻለም። በዶማው ጀርባ መታኝና የእጄ አንጓ ሲሰበር ደረቅ እንጨት የተረገጠ ነው የመሰለኝ። ወጌሻዋ አሸችልኝ፤ ተጣሞ ያዘ። ጨርቅህ ላይ ያየኸው ዝገት አይደለም። የጻፍኩልህም በግራ እጄ ነው፤ ይህንንም እንዲሁ።

ከዚያ ሁለተኛዋ ላም ሞተች፤ ጥጃዋም ተከተለቻት። አንተ ጭቃ ላኪ ያልከኝ ደብዳቤ ደርሶኝ ስለነበር ኩሬውን መጠበቅ አልተውኩም። አንድ ቀን በእኩለ ቀን ችግኝ ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ የነጭ ጋዝ ሽታ መጣ። ቀና ስል የጣራው ላስቲክ እየተንጨረጨረ ነው። የለኮሰው ጡንቻ ነው፤ ውስጥ መሆኗን አላውቅም ነበር ይላል። ይሁን። የቀለጠው ላስቲክ ጀርባዬ ላይ ተንጠባጠበ፤ በነካኝ ቁጥር ቆዳዬን ይዞ ቀረ። ችግኞቹ ዓይኔ እያየ ተኮማተሩ። ጣራውን ከያዘው ብረት አንዱን በግራ እጄ ነቅዬ በእሳቱ ውስጥ ወጣሁ።

ውጭ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ ነጣ፤ እቴ የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አልሰማሁትም። ብረቱ ፊቱ ላይ አረፈ። ዓይኑን በእጁ ይዞ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሃል ደምና ውሃ የመሰለ ነገር ወረደ። ደግሜ መታሁት። ከወደቀም በኋላ ጀርባውን መታሁት። እየመታሁት የማየው እሱን ብቻ አልነበረም፤ ባሌን ጭምር ነበር። የምታውቀውን ስለምታውቅ ከዚህ በላይ አልልህም። ወተት ሊገዛ የመጣ ሰው ከኋላዬ አቅፎ ያዘኝ። ባይመጣ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ከረምኩ። ጀርባዬን እዚያው አከሙልኝ። በዋስ ወጥቼ ቤት ስገባ ደብዳቤህ በበሩ ሥር ተኝቶ አገኘሁት።

ጡንቻ ልክ ነበር የምትለው ላይ ስደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልቅደደው፣ ላቃጥለው፣ ልብላው ብዬ አሰብኩ። ማንም አያውቅም እኮ። ከዚያ ተነስቼ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ።

አልጋው ላይ ግድግዳ ደገፍ ብሎ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ታስሯል። ስገባ ትራሱ ሥር እጁን አስገባ፤ ቢላዋ እንዳለ አውቄአለሁ። እጄን አሳየሁት፤ ወረቀት ብቻ ነበር የያዝኩት። ቆሜ አነበብኩለት። አንድ ቃል አልዘለልኩም፤ አንተ አትንኩ ያልኩት እኔ ነኝ ያልከውንም ጭምር።

“ልክ ነበር የሚለውን ድገሚልኝ” አለኝ።

ደገምኩለት። አንዴ ጨምሪልኝ አለ፤ ጨመርኩለት።

“ክሱን ግን አልተውም። ላሟ ሌላ ናት፤ ዓይኔ ሌላ ነው” አለ።

አትተው አልኩት። እኔም አንጓዬና የተቃጠለው ጀርባዬ አለ፤ እከስሃለሁ አልኩት። ክሰሽ አለኝ። እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

በማግስቱ ጥቁር ላስቲክ ገዝቼ ኩሬውን ለመሸፈን ወጣሁ። በአንድ እጅ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ንፋሱ ሁለቴ ነጠቀኝ። ሦስተኛው ላይ ማዶውን ጫፍ የያዘ ሰው አገኘሁ። ሳንነጋገር እየጎተትን፣ ድንጋይ እያስቀመጥን ዞርን። በማያይበት በኩል ግንቡ አልቆ ኩሬው ውስጥ ሊገባ ሲል ኮሌታውን ያዝኩት። ባልይዘው ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ፤ ግን እጄ ሳያማክረኝ ነው የያዘው።

ሲያልቅ ግንቡ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። ያ እዚያ በብርጭቆ ያለው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። ለልጅሽ ጻፊለት፤ ይግደለው አለኝ።

“ያችኛዋንም ዓይንህን ላውጣት እንዴ?” አልኩት።

ሳቀ። ሳይፈልግ ነው የሳቀው፤ ስፌቱ ተላቀቀና ደሙ በጉንጩ ወረደ። በሻርፔ ጠረግኩለት። ዝም ብሎ ተጠረገ።

ፍርድ ቤት በሰኔ ነው። ያደረግኩትን አደረግኩ እላለሁ፤ የሚሰጠኝን እቀበላለሁ። አንተ እንዳትመጣ። አልጌህንም እንዳትገድለው፤ መርዙን ነጥለህ አውጣ፣ ያ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ነገር የሚገድላቸው ሰዎች አሉ ብለኸኛል። ለእነሱ ብለህ ሥራ። እኔ አልተቀየምኩህም፤ ያ ብርዱ ነው ካልኩህ በቀር ዋሽቼህ አላውቅም፣ አሁንም አልዋሽህም፣ ትንሽ ተቀይሜሃለሁ። ከእንግዲህ ጨርቅ ከመጠየቅህ በፊት እጄን ጠይቀኝ።

አክስትህ

ግንቦት 14

እቴቴ፣

እጅሽ እንዴት ነው?